ጋይዘርን ዳግም ለማየት፦ ከመሬት በታች ምን ይሆናል፣ ከላይስ ምን ይጠበቃል?

በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ኦልድ ፌይዝፉል የተባለውን ጋይዘር፣ ማለትም የፈላ ውኃና እንፋሎት በየጊዜው ሽቅብ የሚወረውር ፍልውኃ፣ ለማየት የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙውን ጊዜ የሚያየው መጨረሻውን ብቻ ነው። አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የፈላ ውኃ ከ32 እስከ 56 ሜትር ሽቅብ ይወረወራል፤ ቢበዛ በ5 ደቂቃ ውስጥ ያበቃል። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ ወደ መኪናው። "ምነው ደግሜ ባየሁት" የሚለው ስሜት የሚመጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ስሜቱ ተገቢ ነው። የደቂቃዎቹ ትዕይንት ከመሬት በታች ከአንድ ሰዓት በላይ ሲሰናዳ የቆየ ነገር መቋጫ ነው፤ ዝግጅቱም ምን ማየት እንዳለበት ለሚያውቅ ሰው ከላይ ሆኖ ይነበባል። ዳግመኛ የሚሄድ ሰው ይህን ማንበብ ከቻለ የመጀመሪያው ጉዞ ያልሰጠውን ያገኛል።

ከሥር ምን እየሆነ ነው?

ጋይዘር እንዲፈጠር ሙቀት፣ ውኃና ጠባብ የአለት ቱቦ በአንድ ስፍራ መገናኘት አለባቸው። ሙቀትና ውኃ የሚገናኙበት ቦታ ብዙ ነው፤ ፍልውኃ የምንለው ሁሉ የዚሁ ውጤት ነው። ብርቁ ሦስተኛው ነው። የዓለም ጋይዘር ሁሉ ቢቆጠር 1,000 ገደማ ቢሆን ነው፤ ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም ከ500 በላይ የሚሆነው፣ የሎውስቶን ውስጥ ይገኛል። እዚያም ቢሆን ፍልውኃው፣ የሚንተከተከው ጭቃና እንፋሎት የሚተነፍሰው ቀዳዳ ሲደመር ከ10,000 ስለሚያልፍ ጋይዘሮቹ ጥቂቶች ናቸው።

ልዩነቱ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ነው። አፈ ሰፊ ፍልውኃ እንደ ተጣደ ድስት ነው፤ የሞቀው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ይበርዳል፣ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ሳይታፈን ይተነፍሳል። የጋይዘር ቱቦ ጠባብ ስለሆነ ይህ መዘዋወር እንደ ልብ አይሆንም። የላይኛው ውኃ የታችኛውን ተጭኖ ይይዘዋል።

ይህ ጭነት ውኃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ኦልድ ፌይዝፉል ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ እዚያ ገላጣ ላይ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 10 ሜትር ውኃ ከላዩ ከተጫነው ግን ለመፍላት 115 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ በቱቦው ጥልቅ ክፍል ያለው ውኃ ገላጣ ላይ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ በፈላ ነበር፤ ያገደው የላይኛው ክብደት ብቻ ነው።

ከታች የሚነሡ የእንፋሎት አረፋዎች መጀመሪያ ላይ በረድ ያለው ውኃ ውስጥ ሲደርሱ ይከስማሉ፤ ሲከስሙም ሙቀታቸውን ለውኃው ያስረክባሉ። ውኃው ከላይ እስከ ታች ወደ መፍያው ሲጠጋ ግን መክሰማቸውን ያቆማሉ። አፉ ድረስ ይዘልቃሉ፤ ሲወጡም ጥቂት ውኃ ገፍተው ያፈሳሉ። ከላይ ለሚያይ ሰው ይህ ትንሽ ፍንጥቅታ ነው፤ ብዙ ጎብኚ "ይኼው ነው እንዴ?" የሚለው ይህን አይቶ ነው። ነገር ግን የፈሰሰው ጥቂት ውኃ ከታች ላለው ሁሉ ሸክም ቀለለ ማለት ነው። ታፍኖ የነበረው ውኃ በቅጽበት ይፈላል፤ እንፋሎቱ ተጨማሪ ውኃ ያስወጣል፤ ሸክሙ የባሰ ይቀላል፤ መፍላቱም ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል።

ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ስሌቱ በግልጽ ያሳያል። ከ115 ወደ 93 ዲግሪ በድንገት የወረደ ውኃ ወደ እንፋሎት የሚለወጠው ከመቶ 4 እጁ ያህል ብቻ ነው። ያ 4 እጅ ግን 1 ሊትር የነበረው ከ80 ሊትር በላይ ቦታ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ቱቦው ውስጥ ይህን የሚችል ቦታ የለም፤ ያለው መሄጃ ወደ ላይ ነው። ኦልድ ፌይዝፉል በአንድ ጊዜ ከ14,000 እስከ 32,000 ሊትር የሚያወጣው፣ 7 ሜትር ጥልቀት ገደማ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ባለው ጉሮሮ በኩል ነው። የመሬት ንዝረት መለኪያዎች ደግሞ ከጉሮሮው ወደ ጎን፣ 15 ሜትር ጥልቀት አካባቢ፣ እንፋሎት የሚታጎርበት ዋሻ መሳይ ባዶ ቦታ እንዳለ አሳይተዋል።

ይህን የግፊትና የሙቀት ማብራሪያ በመለኪያ ያስደገፈው ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ቡንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 አይስላንድ ሄዶ ጌይሲር በተባለው ታላቅ ጋይዘር ቱቦ ውስጥ ቴርሞሜትር እያወረደ ሙቀቱን በየጥልቀቱ ለክቷል። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ብዙ ቢታከልበትም መሠረቱ አልተናወጠም።

ቱቦው ይህን ሁሉ ግፊት የሚችለው ከውስጥ ስለተለበጠ ነው። በየሎውስቶን ሥር ያለው ራዮላይት የተባለ የእሳተ ገሞራ አለት ሲሊካ ይበዛበታል። በጣም የሞቀ ውኃ ሲሊካውን ያሟሟል፤ ወደ ላይ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግድግዳው ላይ እየለጠፈው ስንጥቁን ይደፍናል። በአፉ ዙሪያ የሚታየው ግራጫማ ጉብታም ይኸው ነው። የሚያድገው እጅግ በዝግታ ስለሆነ በአንድ እርምጃ የተሰበረው በሰው ዕድሜ አይተካም። በዚያው ፓርክ ሰሜን በኩል ያለው ማሞት ግን በኖራ ድንጋይ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከኖራ የሚሠራው ልባጥ እንዲህ ያለ ግፊት ስለማይችል እዚያ የሚያማምሩ የፍልውኃ እርከኖች እንጂ ጋይዘር አይጠበቅም።

ቀጣዩ መቼ ነው?

ኦልድ ፌይዝፉል በየሰዓቱ ይፈነዳል የሚለው ወሬ ስንቱን አሳስቷል። በሁለት ፍንዳታዎች መካከል ያለው ጊዜ ከ60 እስከ 110 ደቂቃ ይደርሳል፤ የሚወስነውም ያለፈው ፍንዳታ ምን ያህል እንደቆየ ነው። ከ2 ደቂቃ ተኩል በታች ከቆየ ብዙ ውኃ ስላልወጣ ቶሎ ይሞላል፤ ቀጣዩ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ይመጣል። ረዘም ካለ ማጠራቀሚያው የበለጠ ስለተራቆተ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። አሁን አጫጭሮቹ ጥቂት ናቸው። የፓርኩ ጠባቂዎች የሚለጥፉት ግምት 10 ደቂቃ ወዲያና ወዲህ ተደርጎ ሲታይ ከ10 ዘጠኙን ጊዜ ይሠራል።

ራስዎ ማስላት ከፈለጉ ሰዓት የሚያዘው ከመነሻ እስከ መነሻ ነው፤ ካበቃበት አይቆጠርም። መነሻው ደግሞ የመጀመሪያው ፍንጥቅታ ሳይሆን ውኃው ሳያቋርጥ ከፍ እያለ የሚሄድበት ቅጽበት ነው። ፍንጥቅታው ዋናው ፍንዳታ ሳይነሣ ለብዙ ደቂቃ እየመጣ እየሄደ ሊቆይ ስለሚችል እሱን መነሻ ያደረገ ሰው ስሌቱ ይዛባበታል።

ለዳግም ጉዞ ግን ከኦልድ ፌይዝፉል ይልቅ በዚያው ፓርክ ያለው ግራንድ የተባለ ጋይዘር ይመረጣል። አስቀድሞ ከሚገመቱት ጋይዘሮች በከፍታ የሚበልጠው እሱ ነው፤ 60 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከ9 እስከ 12 ደቂቃም ይቆያል። ኦልድ ፌይዝፉል ከጉብታ ላይ በቀጭኑ ሲተኮስ ግራንድ የሚነሣው ከገንዳ ነው፤ ስለዚህ ውኃው በየአቅጣጫው እየተበተነ በተከታታይ ይፈነዳል። በመካከሉ ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው፤ ግምቱም ከአንድ ሰዓት በላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህ ያሰለቻል ብሎ የሚሸሸው ብዙ ነው፤ ትዕግሥቱ ያለው ግን ዝግጅቱን ከዓይኑ ሥር ያያል።

የሚታየው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የግራንድ ገንዳ ቀስ እያለ ይሞላል፤ ከዚያ ጠርዙን አልፎ መፍሰስ ይጀምራል። ከጎኑ ተርባን የተባለ ትንሽ ጋይዘር አለ፤ በየ20 ደቂቃው ገደማ ይፈነዳል። ግራንድ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ተርባን በሚነሣበት ሰሞን፣ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ ነው። ስለዚህ ተርባን ሊነሣ ሲቃረብ ዓይንዎን ከግራንድ ገንዳ ገጽ ላይ አያንሡ። ጸጥ ብሎ የነበረው ውኃ መሞገድ ከጀመረና ሞገዱ ጠርዙን እየመታ ከበረታ ደርሷል። ተርባን ብቻውን ተነሥቶ የግራንድ ገንዳ ዝቅ ካለ ግን ዕድሉ ለቀጣዩ ተላልፏል፤ ሌላ 20 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚሄደው በዚህ መሀል ነው፤ ባይሄድ ይሻለው ነበር።

ሲያበቃም ወዲያው አይነሡ። ግራንድ ጸጥ ብሎ፣ ገንዳው ተራቁቶ፣ አንድ ደቂቃ ያህል እንኳ ሳይቆይ እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ ይህ ሁለተኛው ፍንዳታ አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይበልጣል። መንገድ የጀመሩት በጀርባቸው ነው የሚሰሙት።

ቢሃይቭ የተባለው ሌላው ጋይዘር በዘፈቀደ የሚነሣ ቢመስልም ምልክት ይሰጣል። ከአጠገቡ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ውኃ መርጨት ከጀመረች ዋናው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይከተላል፤ ከፍታው ከ40 ሜትር ያልፋል። ያቺ ቀዳዳ ስትረጭ ካዩ ያሰቡትን ሁሉ ትተው ወደዚያ ይሂዱ። ሪቨርሳይድ በፋየርሆል ወንዝ ዳር ሆኖ ውኃውን በወንዙ ላይ ደጋን አድርጎ 20 ደቂቃ ያህል ይወረውራል፤ ከመነሣቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ከአፉ ውኃ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ፀሐይ በጀርባዎ ስትሆን ቀስተ ደመና ይሠራል። ካስል 20 ደቂቃ ያህል ውኃ ከወረወረ በኋላ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ እየጮኸ እንፋሎት ይተፋል። ዴይዚን ደግሞ ጠንካራ ነፋስ ያዘገየዋል፤ ነፋሱ የገንዳውን ገጽ እያቀዘቀዘ ሙቀቱን ስለሚሰርቀው ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚገኙት አፐር ጋይዘር ቤዚን በተባለው አንድ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ከኦልድ ፌይዝፉል እስከ ሸለቆው ጫፍ፣ ሞርኒንግ ግሎሪ ፑል ድረስ፣ ለመሄጃ ብቻ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ነው። ቀኑን በግራንድ ዙሪያ ያቅዱ፤ ሌሎቹን በመካከሉ ያስገቡ። የዕለቱ ግምት በጎብኚዎች ማዕከል ይለጠፋል፤ በፓርኩ የስልክ መተግበሪያም ይገኛል። የስልክ መስመር ደካማ ስለሆነ መተግበሪያውንና ካርታውን ከመግባትዎ በፊት ያውርዱ።

ስቲምቦት የተባለውን የዚያው ፓርክ ጋይዘር ተስፋ አድርገው ብቻ ጉዞ አያቅዱ። በዓለም ካሉት ንቁ ጋይዘሮች ረጅሙ እሱ ነው፤ ከ90 ሜትር በላይ ይወረውራል። ነገር ግን በታላቅ ፍንዳታዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ 50 ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1961 ዝም ብሏል። በማርች 2018 ነቅቶ በ2019 እና በ2020 በየዓመቱ 48 ጊዜ ፈንድቷል፤ ከዚያ እየራቀ መጣ። የውኃው ክፍል ቢያመልጥዎት እንኳ እንፋሎቱ ለሰዓታት በኃይል ስለሚወጣ ደርሶ ማየቱ አያስቆጭም። አጠገቡ ያለው ሲስተርን ስፕሪንግ የተባለ ገንዳ ከትልቁ ፍንዳታ በኋላ ውኃው ይጎድላል፤ ሁለቱ ከሥር መገናኘታቸውን የሚያሳይ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው።

ወቅት፣ አቋቋም፣ መነጽር

በየሎውስቶን አብዛኛው መንገድ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ለተራ መኪና ዝግ ነው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ በበረዶ ላይ በሚሄድ ተሽከርካሪ መግባት ይቻላል። በጋው ይጨናነቃል፤ ፓርኩ ውስጥ ማደር የሚፈልግ ሰው ወራት ቀደም ብሎ ቦታ መያዝ አለበት። ማደሩ ዋጋ አለው፤ ማለዳና ምሽት ላይ ሸለቆው ጭር ይላል።

ብርዱም ሁለት ፊት አለው። በቀዝቃዛ ማለዳ እንፋሎቱ ግዙፍ ሆኖ ይነሣል፤ ግን ውኃውን ራሱን ይሸፍነዋል። የውኃውን ቅርጽ ማየት የፈለገ ደረቅና ሞቃት ቀን ይመርጣል። በማንኛውም ጊዜ ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲመጣ ሆነው ይቁሙ፤ አለዚያ የሚያዩት ነጭ ጉም ብቻ ነው። ፎቶ ለማንሣት ጠቆር ያለ ጀርባ ወይም ሰማያዊ ሰማይ ይፈልጉ፤ ነጭ ደመና ላይ ነጭ ውኃ ይጠፋል። ጠብታዎቹ ተለይተው እንዲታዩ ከ1/500 ሰከንድ የፈጠነ የካሜራ መዝጊያ ይጠቀሙ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ የሚረጨው ውኃ ሲሊካ አለበት። የመነጽር ወይም የካሜራ መስታወት ላይ ከደረቀ በቀላሉ አይለቅም፤ በደረቁ ቢፈትጉት ደግሞ ይጭራል። ገና እርጥብ ሳለ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው በለስላሳ ጨርቅ ያድርቁት። ስቲምቦት አካባቢ የቆሙ መኪኖች መስታወት ላይ ሳይቀር ይህ ይደርሳል።

ከእንጨት መሄጃው አይውረዱ። በዙሪያው ያለው መሬት ጠንካራ ቢመስልም ከሥሩ የፈላ ውኃ ያለበት ስስ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። በየሎውስቶን ፍልውኃዎች ተቃጥለው የሞቱት ሰዎች ከ20 ይበልጣሉ። ሕፃናትን በእጅ ይያዙ፤ ውሻ ይዞ መሄጃው ላይ መውጣት ክልክል ነው። አደጋ የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው፤ ነፋስ ባርኔጣ ይወስዳል፣ ባለቤቱ ሊያነሣ ይወርዳል። ባርኔጣውን ትተው ለጠባቂ ይንገሩ፤ ማንሻ መሣሪያ አላቸው። ማስጠንቀቂያ የሌለው አደጋም አለ፤ በጁላይ 2024 በዚያው ፓርክ ቢስኪት ቤዚን ላይ ከሥር የታፈነ እንፋሎት ድንገት ፈንድቶ መሄጃውን አፍርሷል፤ እንደ ዕድል ሆኖ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በኒውዚላንድ ዋይማንጉ ግን እ.ኤ.አ. በ1903 ጋይዘር ለማየት ከተጠጉት 4 ሰዎች ሞተዋል።

ሲመለሱ ያው ላይሆን ይችላል

ጋይዘር ሚዛኑ ስስ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ቱቦዎችን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በሄብገን ሐይቅ የደረሰው መንቀጥቀጥ በአንድ ሌሊት የብዙ ፍልውኃዎችንና ጋይዘሮችን ጠባይ ለውጧል። ኦልድ ፌይዝፉል ራሱ በ1939 በአማካይ በየ66 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይነሣ ነበር፤ ዛሬ ከ90 ደቂቃ ይሻገራል። ድርቅም ያደክመዋል። ጉብታው ላይ የተገኙ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የዛፍ ቅሪቶች ሲመረመሩ ዛፎቹ በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያው በቅለው እንደነበር ታውቋል። የፈላ ውኃ በየጊዜው በሚወርድበት ቦታ ዛፍ አይበቅልም፤ በዚያ የድርቅ ዘመን ጋይዘሩ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በሰው እጅ የሚጠፋው ነው። ኖሪስ ቤዚን ውስጥ ያለው ሚኒት ጋይዘር ድሮ በየደቂቃው ይነሣ ነበር፤ ጎብኚዎች በወረወሩት ድንጋይ ትልቁ አፉ ተደፈነ። በሴፕቴምበር 2018 ኢር ስፕሪንግ የተባለው ፍልውኃ ለዓመታት ጸጥ ካለ በኋላ ድንገት ፈንድቶ ከሆዱ የወጣው ሳንቲም፣ የሲሚንቶ ብሎኬት፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የፕላስቲክ መምጠጫና በ1930ዎቹ የተሠራ የሕፃን የጎማ ጡት ነበር። አንድ ሳንቲም ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ጉሮሮ ያስታውስ።

የኃይል ማመንጫ ጉድጓዶች ደግሞ ግፊቱን ከሥር ይጠጡታል። በኒውዚላንድ ዋይራኬይ እ.ኤ.አ. በ1958 ማመንጫ ከተከፈተ በኋላ በሸለቆው የነበሩት ጋይዘሮች ጠፉ። በዚያው አገር በሮቶሩዋ ከተማ ግን በ1987 ከፖሁቱ ጋይዘር 1.5 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ ጉድጓዶች እንዲዘጉ ተደርጎ ውኃው ቀስ በቀስ አገግሟል። መመለስ የሚቻልበት ጊዜ እንዳለ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ሌላ አገር ለማየት የሚያስብ ሰው ጊዜው አጭር ከሆነ የአይስላንዱን ስትሮኩር ይምረጥ፤ ከ6 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ እየተነሣ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሜትር ይወረውራል፤ ሊፈነዳ ሲል ገንዳው ላይ የሚያብጠው ሰማያዊ የውኃ ጉልላት የሰከንድ ያህል ዕድሜ ስላለው ዓይን መንቀል አይገባም። በቺሊ ኤል ታቲዮ 4,300 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ በ86 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ንጋት ላይ ብርዱ እንፋሎቱን ያጎላዋል፤ ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጣ ሰው ግን ከፍታውን ለመላመድ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መውጣት አለበት። የኒውዚላንዱ ሌዲ ኖክስ ዘወትር ጠዋት 4 ሰዓት ከሩብ የሚነሣው ሳሙና መሳይ ነገር ተጨምሮበት ነው፤ ለልጆች ማሳያ ይሆናል፣ የተፈጥሮ መነሣትን ለሚፈልግ ግን አያረካም። የሩሲያው የካምቻትካ ጋይዘር ሸለቆ በ1941 የታወቀ ሲሆን በጁን 2007 የመሬት መንሸራተት ከፊሉን ቀብሮታል።

የተመለከቱትን መዝግቦ ማካፈል ይቻላል፤ ጋይዘርታይምስ የተባለው የመረጃ ቋት የሚሞላው በጎብኚዎችና በበጎ ፈቃደኞች ነው። የጋይዘሩን ስም፣ የተነሣበትን ሰዓት እስከ ደቂቃው፣ የቆየበትን ጊዜ ይጻፉ። ሲነሣ ካልደረሱ ደግሞ "እየፈነዳ ሳለ ደረስኩ" ብለው በግልጽ ያስፍሩት፤ በግምት የተጻፈ መነሻ ሰዓት ቀጣዩን ለሚጠብቅ ሰው ስሌቱን ያበላሽበታል።